ሳልጠይቃቸው የቀረሁት

የመጡት ለፈተና ሳጠና ነው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ በር ላይ ቀረ፣ ሁለቱ ገብተው መጽሐፎቼን አገላበጡ። ለሙያ ፈቃድ ፈተናው ሃያ ቀን ይቀረኝ ነበር። አልጋው ላይ ተዘርግቶ የነበረው ከሃንድአውቶቹ ሁሉ የማልወደው፣ ሕክምና የሌለበት ክፍል ነው፦ የታካሚ ፈቃድ፣ የሙያ ምስጢር፣ የማስታወሻ አያያዝ፣ ሰው ሲያነሱ የራስን ወገብ መጠበቅ። እኛ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች "ነጻ ማርክ" እንለው ነበር። ማንም የሚመልሰው ነው ብለን ንቀን ለመጨረሻው ሳምንት እናቆየዋለን።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ አንደኛው ወረቀቱን አንስቶ።

"የሥነ ምግባር ነው" አልኩት።

አልሳቀም። ከጓደኞቼ ጋር በፈረምነው አንድ ደብዳቤ የተነሳ እንደምፈለግ ነገረኝና ጫማዬን አድርጌ እንድከተለው አዘዘኝ።

ክፍሏ አሥራ አራት ሴቶች ይዛ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ፍራሽና ካርቶን ተደርድሯል፤ በረኪና ይሸታል፤ መስኮቷ ከሰው ቁመት በላይ ናት። ካቦዋ፣ ማለትም በክፍሉ ላይ ኃላፊ የተደረገችው እስረኛ፣ የምተኛበትን ልታሳየኝ ስታልፍ በሩ አጠገብ የተቀመጡ የአንዲት ትልቅ ሴት እግር ልትረግጥ ምንም አልቀራትም። ሊሰበስቡላት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ቀኝ ጉልበታቸው አብጧል። ስድሳን ያለፉ ናቸው፤ ሁሉም "እማማ" ይሏቸዋል፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ታናሽ እህታቸው በየቀኑ ስንቅ ያመጡላቸዋል። ስንቁ ይገባል፤ እህትማማቾቹ ግን አይተያዩም። የጠያቂው አጥር ከክፍላችን አርባ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ደግፎ ማድረስ አይፈቀድም። እማማ ሰሃኑን ከፍተው፣ ቀምሰው፣ "ዛሬ ጨው ረስታለች፤ ልቧ እዚህ ነበር ማለት ነው" ይላሉ። ከዚያ ብዙም አይበሉም።

በሦስተኛው ቀን ተጠጋኋቸው። "እማማ፣ ጉልበትዎን ልንካው?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ስገባ ተፈትሻለሁ እኮ ልጄ።"

"ለፍተሻ አይደለም፤ ሙያዬ ነው። ካልፈቀዱልኝ ግን አልነካም።"

"ካልፈቀድኩ አትነኪም?" ወደ ካቦዋ ዞሩና "ሰማሽልኝ ይቺን?" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ እማማ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። "እንግዲህ ፈቅጃለሁ" አሉ። እኔ ራሴ ያን ጥያቄ ለማርክ እንጂ ለሰው ብዬ አጥንቼው አላውቅም ነበር።

ማሽን የለም፣ የሕክምና አልጋ የለም፣ በረዶ የለም። የቀረችኝ ያቺ የናቅኳት ሃንድአውት ናት። ነጠላቸውን አጣጥፌ ወገባቸው ላይ አሰርኩና መያዣ አደረግኩት። ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን ሳታጎብጥ፣ እማማን ወደ ራሷ አስጠግታ እንዴት እንደምታነሳቸው ካቦዋን አስተማርኳት። ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ ጀመርን።

ማስታወሻም ያዝኩ። የሞኝ ሥራ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ያልተጻፈ ሕክምና እንዳልተሠራ ይቆጠራል የሚለው ትምህርት ከአጥንቴ ገብቶ ነበር። ከካቦዋ እስክሪብቶ ተውሼ የሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ በየቀኑ ጻፍኩ፤ ስንት እርምጃ፣ በማን ድጋፍ፣ ሕመሙ እንዴት እንደዋለ። ከላይ "3/52" ብዬ ነበር፤ በእኛ አጻጻፍ ጉዳቱ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል ማለት ነው።

እጄ ጉልበታቸው ላይ እያለ፣ አንድ ቀን፣ እማማ እንዴት እንደተጎዱ ነገሩኝ። ሰው በደህና እጅ ሲነካ ያወራል፤ የምስጢሩ ምዕራፍ የተጻፈውም ለዚህ ይመስለኛል። ያሉኝን እዚህ አልጽፍም። ለመርማሪዎቹ የተናገሩት ሌላ እንደነበርና እውነቱ ቢወጣ ገና ያልተያዘ ሌላ ሰው እንደሚጎዳ ብቻ ልበል።

አንድ ጠዋት ፍተሻ መጣና ካርቶኑን አገኙት። ተጠራሁ።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር። ወንበሩ ለቁመቱ ዝቅ ብሎበት ወገቡን አጣሞ ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ "ይሄ ሰው ወገቡ ሳይዘው አይቀርም" እያልኩ አስብ ነበር።

"ይሄ ስለ አሮጊቷ ነው" አለኝ። "ባለሙያ ጠይቀናል። ሦስት ሳምንት ማለት ነው አለን። እሷ ደግሞ ከታመመች ዓመት እንዳለፋት ነው የነገረችን። ምን አግኝቷት ነው?"

ግማሹን ምስጢር በገዛ እጄ ጽፌ ሰጥቻቸው ኖሯል።

"የታካሚ ጉዳይ ነው፤ አልናገርም" አልኩት።

"የሙያ ፈቃድ አለሽ?"

"ገና ነኝ።"

"እንግዲያው ታካሚም የለሽም።" ካርቶኑን ገለበጠው። "ፈተናሽ ማክሰኞ ነው አይደል? ንገሪኝና ሰኞ ቤትሽ ግቢ።"

"መናገር የምችለው እሳቸው ከፈቀዱ፣ ወይም ፍርድ ቤት በጽሑፍ ካዘዘኝ ነው።" ሃንድአውቱን በቃሌ እያነበነብኩ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ፈገግ አለ። "ጥሩ። ሂጂና አስፈቅጃት። ትወድሻለች አሉ።"

ወደ ክፍሌ ስመለስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች የምትቀረኝ። ብጠይቃቸው እሺ እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ያንን ፈተና እንዴት እንደተመኘሁት መናገር ይከብደኛል። አምስት ዓመት የለፋሁበት ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፎ፣ በጠዋት ወረፋውን ስጠራ ራሴን ስንቴ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ያቺው ሃንድአውት ፈቃድ ማለት ያለ ፍርሃትና ያለ ይሉኝታ የተሰጠ ነው ትላለች። በር የተቆለፈባቸው፣ ለመነሳት እንኳ የኔን ክንድ የሚጠብቁ ሴት፣ በየት በኩል ነው እምቢ የሚሉኝ? ጥያቄውን ዋጥኩት።

"ምን አሉሽ?" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

"እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ካርቶኑ ላይ ሳምንቱን ጽፌው ነበር፤ አወቁት። ይቅር ይበሉኝ።"

"ሌላውንስ?"

"ሌላው እኔ ጋ ነው።"

ጉልበታቸውን እያሻሹ አሰቡ። "በቃ፣ የዱሮው ሕመም አገረሸብኝ እላቸዋለሁ" አሉ። "ፈተናሽስ?"

"ተራዝሟል።" ዋሸኋቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ፊቴን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን አበጠርኩ፣ ንጹሑን ሸሚዜን ለበስኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ጓደኞቼ ወረቀቱ ሲታደላቸው ታየኝ። እማማ ሸሚዜን አዩና "ዛሬ ነው ለካ" አሉ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እሳቸውም "ነጠላውን እሰሪልኝ፣ እህቴ ሳትመጣ አትቀርም" አሉ።

ስማቸው ሲጠራ እስከ በሩ ያዝኳቸው። ጥበቃዋ እጇን ዘረጋችብኝ። "አንቺ እዚህ ላይ ቁሚ። ወይ ራሳቸው ይሂዱ፣ ወይ ይቀመጡ።" እማማ ነጠላውን ከወገባቸው ፈቱት፤ አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ሄዱ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እርምጃቸውን ቆጠርኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆሙ። ግድግዳውን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው አላዩኝም፤ ጥበቃዋንም አልለመኗት። ከዚያ ቀጠሉ። ከአጥሩ ወዲያ የእህታቸው ጣቶች በሽቦው ቀዳዳ ወጥተው ነበር። እማማ በአገጫቸው ወደ እኔ እያሳዩ የሆነ ነገር አሏቸው፤ እህትየው ከሩቅ እጅ ነሱኝ።

"ምን አሏቸው?" አልኳቸው ሲመለሱ።

"ሐኪሜ ናት አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?"

ከሳምንት በኋላ እማማን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። የት እንደሆነ አልተነገረንም። እኔ ሁለት ወር ቆይቼ ተፈታሁ፤ ከዚያም ከአገር ወጣሁ።

አሁን ሮም ነኝ። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት እንከባከባለሁ፤ እዚህ ባዳንቴ ይሉናል። ሲኞራዋን ከወንበር ሳነሳት ክብደቷ ክንዴ ላይ ሲያርፍ፣ አንዳንድ ቀን ናፍቆት ይይዘኛል። የናፈቀኝ እስር ቤቱ አይደለም፤ የአንድ ሰው ሐኪም መባሉ ነው፣ እንደዚያ ብሎ የጠራኝም ሰው።

ትምህርቴ እዚህ እንዲታወቅልኝ ባለፈው ወር ኮሚሲዮኔ በሚሉት የፈታኞች ጉባኤ ፊት ቀርቤ ተፈተንኩ። የመጨረሻው ክፍል ዴኦንቶሎጂያ ነው፣ ያው የሙያ ሥነ ምግባሩ። አብራኝ የምትኖረው ኤርትራዊት ጓደኛዬ ከቀኑ በፊት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቡና ጋብዛኝ መከረችኝ።

"አሎራ፣ የእስር ቤቷን ሴትዮ ንገሪያቸው። ያለቅሱልሻል። ፕሮሞሳ፣ አልፈሻል ብለው ነው የሚሸኙሽ።"

"አልችልም።"

"ስም አትጥሪማ፣ ቫ ቤኔ? ማን ያውቃታል እዚህ?"

ማንም አያውቃቸውም። ግን አንድ ጊዜ እሳቸውን ከፍዬ ፈተናዬን እንድገዛ ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ፤ አሁን እንዴት ላድርገው? ፈታኟ ፕሮፌሶሬሳ ስለ ሙያ ምስጢር ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። "ከራስዎ ሥራ ምሳሌ ይሰጡኛል?" አለችኝ በጣሊያንኛ። የመጽሐፉን ምሳሌ ነገርኳት። በሸምዳጅነት ጠርጥራኝ መሰለኝ፣ ከሁሉም ክፍል ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘሁት በዚያ በነጻ ማርኩ ነው። ቢሆንም አልፌያለሁ።

ወረቀቱ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያማረኝ ለእማማ ማሳየት ነው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ደውዬ እንዳላጠያይቅ፣ ስማቸውን ከስሜ ጋር የሚያያይዝ ጆሮ ይኖራል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ስም የሌለበትን ይህን ጻፍኩ፤ ምናልባት አንድ ሰው ያነብላቸው ይሆናል።

እማማ፣ ያንን ለማንም አልነገርኩም። በጣም ናፍቀውኛል።