የጨው አጥር

ፍየሎቹ የመጡት ባሏ ተቀብሮ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ሱንሬ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ የአቶ ቾን ጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመች። አቶ ቾን ከኮረብታው ማዶ ፍየል የሚያረባ ሰው ነው። እግራቸው የታሰረ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ፍየሎችን ተራ በተራ አቅፎ አወረደና ጥላ ሥር አጋደማቸው።

«ምንድን ናቸው?» አለችው።

«ባለቤትዎ፣ የዶንጉ አባት፣ ያዘዛቸው ናቸው። ሒሳባቸውን ቀድሞ ሰጥቶኛል። ጡት እስኪተዉ ጠብቅ ብዬው ነበር።» ቆቡን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። «አልነገረዎትም እንዴ?»

«አልነገረኝም።»

ባሏ የሚናገር ሰው አልነበረም። አብረው ያረጁት ስለ ባሕሩና ስለ መረቡ እያወሩ ነው፤ እሱ ካለቀ ዝም ይላሉ። ልጃቸው ዶንጉ ከከተማ ሲደውል እንኳን ስልኩን ወዲያው ለእሷ ነበር የሚያቀብላት።

«ለእርስዎ ነው» አለ አቶ ቾን። «ዓምና ታመው ከስተው አልነበር? አሳድጎ፣ ውርጭ ሲጥል ሊያስቀቅልልዎት ነበር። ወደቡ ጋ ያለውን መድኃኒት ቀቃይም አነጋግሮታል።»

ጥቁር ፍየል ከሥራሥር ጋር ሲቀቀልና በትንንሽ ላስቲክ ታሽጎ ጠዋት ጠዋት ሲጠጣ ለደከመች ሴት ጉልበት ይሆናል። ይህን ደሴቲቱ ላይ ያልሰማ የለም። ሱንሬ ጠጥታው አታውቅም። ሌሎች ባሎች ለሚስቶቻቸው የሚገዙት ነገር ይመስላት ነበር።

ደስ ሊላት ወይም ልታለቅስ እንደሚገባ አወቀች። ትንሽ ጠበቀች። የመጣ ነገር የለም። ቀብሩም ላይ እንደዚሁ ነበር፤ ሰው ሁሉ ፊቷን ሲያይ እሷ የምታስበው የሩዙ ድስት ተከድኖ እንደሆነ ነበር።

«ማጠሪያ አለዎት?»

«ይኖራል።»

«ዛሬውኑ ይጠሩ። ቤት ያልለመደ ፍየል ካመለጠ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ነው። አንዴ የባሕሩን ቋጥኝ ከቀመሰ የሚይዘው የለም። እዚያ ስንቱ ሸፍቶ ቀርቷል።» መኪናው ውስጥ ሆኖ ደግሞ «ከታች እንጨት ያንጥፉላቸው፤ እግራቸው ከረጠበ አይሆንላቸውም» ብሏት ሄደ።

ከቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ የባሏ ቀርከሃዎችና መረቦች ነበሩ። በብርድ ወራት ባሕሩ ላይ ዘርግተው የሚበላውን ጥቁር የባሕር ሳር የሚያበቅሉባቸው መረቦች ናቸው። ልብሶቹን በወጉ አቃጥለውለታል፤ ጫማውንም። መረቦቹን ግን ማንም አላሰባቸውም። ሱንሬ ቀርከሃዎቹን እየጎተተች ተከለቻቸው፣ መረቡንም ዙሪያውን አሰረችባቸው። ቋጠሮ ሁሉ የእሱ እጅ ነበረበት። ሌላው ሰው አንዴ የሚቋጥረውን እሱ ይደግመዋል፤ ጊዜ ይፈጅበት ስለነበር ስትቆጣው ኖራለች። ቀርከሃዎቹ እንዳይወድቁ ከውስጥ በኩል በሰያፍ ድጋፍ አቆመች። የዓሣ ሳጥኖችንም ገልብጣ መሬቱ ላይ ደረደረች።

በማግስቱ ጠዋት በጎረቤቷ በማልቹን ሳቅ ነው የነቃችው። ማልቹን ከእሷ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እግሯ ታማሚ ነው፣ አፏ ግን ደህና ነው።

«የዶንጉ እናት፣ ነይ ውጪ። እንግዳሽን አስተናግጂ።»

ትልቋ ፍየል አኩሪ አተሩ የሚብላላበት ጋን ክዳን ላይ አራቱን እግሮቿን ገጥማ ቆማለች። አንገቷን አስግጋ ጣሪያውን ታያለች፣ ግድግዳውን ታያለች።

«ቤት ልትገዛ የመጣች የከተማ ሰው አትመስልም?» አለች ማልቹን። «ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ትጠይቅሻለች አሁን።»

ሱንሬ ፍየሏን በቀንዷ ይዛ አወረደቻት። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ትንሿ አጥሩ ውስጥ ሆና ትጮሃለች፤ ትልቋ ወደ ገደሉ ያልሄደችው ጓደኛዋን ትታ መሄድ አቅቷት ይመስላል።

«በየት ወጣች?»

«መሰላል ሠርተሽላት በየት ወጣች ትያለሽ? ድጋፉን ከውስጥ ያቆምሽው አንቺ። ለፍየል ድጋፍ ከውጭ ነው።»

«አላወቅኩማ፣ እትዬ። መረብ ዘርግቼ እንጂ ፍየል አጥሬ መች አውቃለሁ።»

ድጋፎቹን ነቅላ ወደ ውጭ አዞረቻቸው። ማልቹን ሳጥን ላይ ተቀምጣ ስታዝዛት ዋለች። ማታ ዶንጉ ደወለ። ስለ ፍየሎቹ ነገረችው። «እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርጉልሻል? መልሻቸው» አላት። አባቱ እንዳዘዛቸው ስትነግረው ወሬውን ወደ ባሕሩ አዞረው። ልክ እንደ አባቱ።

ከዚያ ወዲያ አልወጡም። ግን ሌላ ነገር ጀመሩ። መረቡን ይልሱታል፤ ልሰው ሲያበቁ ይበሉታል። ከቀርከሃው ሥር ጀምረው ክሩን በመንጋጋቸው እያሹ በጎን በኩል ይበጥሱታል። ሱንሬ ለአቶ ቾን ደወለች።

«ናይሎን ነው እኮ» አላት። «ከዋጡት ሆዳቸው ውስጥ ተቋጥሮ ይገድላቸዋል። መረቡን ይጣሉት። እኔ ሽቦ አመጣልዎታለሁ።»

«እስኪ ቆይ» አለችው።

ለምን እንዳለችው ለራሷም አልገባትም። መረቡ የባሏ ሥራ ነው፤ ፍየሎቹ የባሏ ስጦታ። ሁለቱም ያልጠየቀችው ነገር ነበር። መረቡን አወረደችና በገንዳ ዘፈዘፈችው፣ ረገጠችው፣ አጠበችው፣ መልሳ ሰቀለችው። ፍየሎቹም መልሰው ጀመሩት።

«አቃጥይው» አለች ማልቹን። «ያለፈ ሰው ዕቃ ምን ይሠራልሻል?»

ሱንሬ መረቡን መልሳ ዘፈዘፈችው። ሁለተኛውን ዙር ስታጥብ ትንሿ ፍየል ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ላሰቻት። ምላሷ እንደ ሞረድ ነው። ላቡን እስኪያልቅ ላሰችና ወደ ሌላው ክንድ ዞረች። ሱንሬ እጇን አልሰበሰበችም። ባሕር ውስጥ ያረጀ መረብ ቢያጥቡት ቢያጥቡት ጨዉ እንደማይለቅ ማወቅ የነበረባት እሷ ነበረች። የባሕር ሰው ሆና በጨው አጥራ፣ ለምን ይልሱታል ብላ ትገረማለች።

ወጥ ቤት ገባችና ከከረጢቱ ደቃቁን ሳይሆን ሻካራውን ጨው በሳህን አመጣችላቸው። ሁለቱም አፋቸውን ሳህኑ ውስጥ ቀብረው ቀሩ።

ማልቹን ሳህኑን አየችው። ክዳን ያለው የናስ የሩዝ ሳህን ነበር።

«የእሱ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የሙት ሳህን ለፍየል?»

«ባዶውን ነበር የተቀመጠው፣ እትዬ።»

ማልቹን ምላሷን በላንቃዋ አጮኸች። ከዚያ በኋላ ፍየሎቹ መረቡን ተዉት። የበሉትን ቦታ ሱንሬ ከታች ጀምራ ስትጠግን ሰነበተች። የስኳር ድንች ቅጠል ትሰጣቸዋለች፣ ጨዋቸውን ትሞላለች። የላስቲክ ጫማዋን ድምፅ ሲሰሙ ከሳጥኑ ላይ መነሳት ጀመሩ። ስም አላወጣችላቸውም። ለሚቀቀል ነገር ስም አይወጣም።

«እንግዲህ ለመዱ፣ ደለቡ» አለች ማልቹን አንድ ቀን፣ በመረቡ ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ። «ጠጪው ደግሞ። ታዝኚና ትተይው ይሆናል ብዬ ነው። ሰውየው በዕድሜው አንድ ነገር ነው የገዛልሽ።»

«እጠጣለሁ» አለች ሱንሬ። የምሯን ነበር። አላዘነችላቸውም፤ አላዘነችለትም። ጠዋት ትነሳለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። አንዳንዴ ውኃው መብረዱን የምታውቀው የእጇን መቅላት ስታይ ብቻ ነው።

ውርጭ በጣለበት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። መድኃኒት ቀቃዩ ነበር።

«የዶንጉ እናት፣ ነፍስ ይማር። ባለቤትዎ ቀጠሮ አስይዘው ነበር። ከነገ ወዲያ ድስቱ ባዶ ነው። አቶ ቾን በመኪናው ያምጣልዎት?»

በመስኮቱ ታየዋለች አጥሩን። ቀርከሃው ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሯል። ፍየሎቹ አንዷ በአንዷ ላይ ተደግፈው ሳጥኖቹ ላይ ተኝተዋል፣ ከአፍንጫቸው እንፋሎት ይወጣል። እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

«አጥሩን አልጨረስኩም» አለች።

«አጥሩን?» አለ ሰውየው። «ካመጧቸው አጥሩ ምን ያደርግልዎታል?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ሲጨርሱ ይደውሉልኝ።»

ስልኩን ዘጋችና ወጣች። ፍየሎቹ የጫማዋን ድምፅ ሰምተው ተነሡ። አጥሩን ዙሪያውን ዞረችው። የተጠገነው ተጠግኗል፣ የላላ ነገር የለም። ትናንት ነበር የጨረሰችው። ሱንሬ ውሸት አትወድም፤ ተናግራም አታውቅም። ከበሩ አጠገብ ተንበረከከችና የራሷን የመጨረሻ ቋጠሮ ፈለገች። እንደ እሱ ደግማ ነበር የቋጠረችው። በደነዘዙ ጣቶቿ ትፈታው ጀመር። ለመፍታት አስቸገራት።