ልጆቹ ቤታቸው ይግቡና

«አክስትሽ ስንት ዓመት ብቻቸውን ችለውታል፤ አንቺ ወጣት ሆነሽ ምን ያቅትሻል?» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ ፊት ለፊት። አክስቴን ከቀበርናት ገና ሁለት ሳምንታችን ነው። እስቴ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት ነበረች። እኔን የጠሩኝ በእሷ ቦታ ሊያስገቡኝ ነው።

አክስቴ ጠዋት ከገባች ልጆቹ እስኪለቀቁ ድረስ አንድ ጉንጭ ውሃ አትቀምስም ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ በሃይላንድ ውሃ ይዤላት ሄድኩ። በሩን በወንበሯ ዘግታ ተቀምጣለች። አንዷ ልጅ ቀዳዳ ካገኘች ወደ መኪና መንገድ ነው የምትሮጠው፤ ሌላው ደግሞ የሚጥል በሽታ አለበት።

«ጠጪ እንጂ!» አልኳት።

«ልጆቹ ቤታቸው ይግቡና።»

«ምን አገናኘው?»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ ብቻ ነው የበሰለው! ከጠጣሁ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ሽንት ቤቱ ከሜዳው ማዶ ነው። እነዚህን ማን ይይዝልኛል?» ብላ ሳቀች። ውሃውንም ለልጆቹ አከፋፈለችው።

ኋላ ታማ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወስደናት ሐኪሙ «ኩላሊቷ ነው» ሲለን፣ እኔን አልገረመኝም።

አሁን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስኮት ያ ወንበር ባዶውን ይታየኛል።

«ሁለተኛ ሰው ይቀጥራሉ?» አልኳቸው።

«ለበላይ ጽፈናል።»

«እሷ እያለችም ጽፈናል ነበር የምትሉት።»

«እንግዲያው ሰኞ ክፍሉን እዘጋዋለሁ፤ ልጆቹም ቤት ይዋሉ። ይኼን ነው የምትፈልጊው?»

«ሁለት ሰው ስንሆን ይጥሩኝ» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።