ዓለምዬ ስታለቅስ

የዓለምዬን ሱሪ ሰባት ጊዜ ሰፍቻለሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ደባርቅ፣ መናኸሪያው ጀርባ ካለችው ሱቄ ትገባና ጨርቋን ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ፣ «ሸሀቡ፣ ወገቡ ሦስት ሰው የሚያስገባ ይሁን» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ በልክ ለመስፋት የለፋሁ ሰው ነኝ። የልብስ ሰፊ ደንበኛ ሱሪው ከወለቀበት አብሮ የሚወልቀው የሰፊው ስም ነው። እሷ ግን ሱሪው በሰዓቱ ካልወለቀላት ይዛው ትመለሳለች።

ሥራዋ ሰው ማሳቅ ነው። የከተማ ልጆች «ክላውን» ይሏታል፤ ገበያተኛው ግን «የመልኬ ወዳቂ» ነው የሚላት። መልኬ አባቷ ናቸው፤ ሙሉ ስማቸው መልከ ጼዴቅ። ወታደር ቤት የስፖርት አሠልጣኝ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ሌላው ጠመንጃ ወይም ቁስል ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እሳቸው ይዘው የመጡት በእጅ መሄድን ነው። ሰርከስ ላቋቁም ብለው ቢነሡ ልጁን የሚሰጣቸው ጠፋ። «እኔ ልጄን የወለድሁት ተዘቅዝቆ እንዲሄድ አይደለም» አላቸው ሁሉም። እሳቸውም ተናደው የገዛ ቤታቸውን ሰርከስ አደረጉት።

ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ማርያም በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ያውም ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ አማትበው። ትልቁ ልጅ ደምለው ይገለበጣል። ጋሽ መልኬ ደግሞ አሮጌ ብስክሌት ለሁለት አስቆርጠው ባሠሯት ባለ አንድ ጎማ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይዞራሉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። ለእሳቸው ሰርከስ ቀልድ አልነበረም።

ዓለምዬ ትወድቃለች። ገመድ ላይ ሲያወጧት ትወድቃለች፤ ትከሻ ላይ ሲያቆሟት ትወድቃለች፤ አንዳንዴ ምንም ላይ ሳትወጣ ትወድቃለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዳባት ገበያ ላይ ከወንድሟ ትከሻ ተምዘግዝጋ አንዲት ሴትዮ የከመረችው ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ገባች። ተነሣችና አፏን ከፍታ እሪ አለች። እሪ እያለች ግን ሴትዮዋን ፈርታ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ለቅማ ትደረድራለች፤ የደረደረችው መልሶ ሲናድባት ደግሞ ለቅሶውን አዲስ ትጀምራለች። ዳባት ሳቀች። ሽንኩርቷ የተበተነባት ሴትዮ ራሷ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

ያን ሰዓት ጋሽ መልኬ በባለ አንድ ጎማቸው ላይ ሆነው ሦስት ጩቤ እየወረወሩ ይቀልቡ ነበር። ማንም አላያቸውም። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ጩቤዎቹን በጨርቅ ጠቀለሉ፣ አቧራቸውን አራገፉ። ያቺን ቀን እስኪሞቱ አልረሷትም።

ከዚያ ወዲያ የሰርከሱ እንጀራ የዓለምዬ ለቅሶ ሆነ። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ጋሻዬ!» እያለች ትገባለች። ደረቷን እየመታች አንድ ዓይኗን ትከፍትና ወጡ መጥቶ እንደሆነ ታያለች። ካልመጣ ድምጿን ትጨምራለች። ከመጣ ደግሞ ሟቹን ትረሳዋለች። ዕንባው የእኔ ሥራ ነው። የግሉኮስ ቱቦ በኮቷ ገበር ውስጥ አስገብቼ፣ በአንገትጌዋ አሳልፌ፣ እስከ ትርኢት መነጽሯ ጠርዝ አደረስሁላት፤ ብብቷ ሥር ያለችውን የጎማ ኳስ ጨመቅ ስታደርግ ዕንባው ሦስት ክንድ ይረጫል። ወላሂ፣ በዕድሜዬ ብዙ ሙሽራ አልብሻለሁ፤ እንደዚያ ቱቦ የኮራሁበት ሥራ ግን የለኝም።

አንድ ጊዜ ጃናሞራ ሄዱ። ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ዓለምዬ ጠዋት ከአንዲት ጉብታ ላይ ወጥታ ድምጿን ታለማምዳለች። ደጋ አገር ደግሞ እሪታ ሰምቶ መቅረት ነውር ነው። ከማዶም ከወዲህም ነጠላውን አዘቅዝቆ ያገሩ ሰው ጎረፈ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ከበቧትና አብረዋት አነቡ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ምነዋ ልጄ፣ ማን አረፈብሽ?» አሏት።

እየተለማመድሁ ነው ማለት አፈረች። «አህያችን» አለች።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «ወንድ ነው ሴት?» አሉ።

«ሴት።»

«ትወልድ ነበር?»

«አዎን አባቴ።»

«ኧረ ምነው! ኧረ ምነው!» ብለው ሽማግሌው አንገታቸውን ሲነቀንቁ ለቅሶው ከፊተኛው ብሶ ቀጠለ። አህያ ሀብት ነው፤ ስለ አህያ ማልቀስ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ይሄኔ ደምለው የሰርከሱን ዕቃ የተሸከመችውን አህያ እየነዳ ከታች ብቅ አለ። አህያዋም አናፋች። ሽማግሌው ዓለምዬን አዩ፣ አህያዋን አዩና፣ «ተነሥታለች እንዴ?» አሉ። ያን ቀን ያገሩ ሰው ትርኢቱን ሳያይ በሳቅ ብዛት አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ችግሩ የመጣው ዓለምዬ የእውነቷን ማልቀስ ያስፈለጋት ቀን ነው።

መጀመሪያ ሠርጓ ላይ። ሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ የሆነው ያርጋል አገባት። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ታለቅሳለች፤ ያላለቀሰች እንደሆነ ትታማለች። ዓለምዬ የአባቷን ጉልበት ስማ «እህ» ስትል ሚዜዎቹ ፈነዱ። ቄሱ ፊታቸውን በጥላቸው ሸፈኑ፤ ጥላው ግን ይንቀጠቀጣል። ያርጋል ራሱ በሳቅ ከበቅሎው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሌላ ጊዜ ደባርቅ ላይ ክንዷ የእውነት ተሰብሮ «ኧረ ሐኪም ጥሩልኝ» ስትል ሕዝቡ አጨበጨበላት። ስትወልድ ደግሞ አዋላጇ አፏን በእጇ ይዛ ወጥታ ሌላ አዋላጅ ገባች። «ሸሀቡ» አለችኝ አንድ ቀን ሱሪ ስለካት፣ «ሰው ሁሉ የሚታዘንለት ዕንባ አለው። እኔ የኔን በልቼዋለሁ።» በጣም አሳዘነችኝ፤ ሳቄም መጥቶ ነበር፤ በሁለቱም አፈርሁ።

አምና ጋሽ መልኬ ታመው ተኙ። ሊጠይቋቸው ከመጡት መካከል እኔም ነበርሁ። ልጃቸውን ወደ አልጋው ጠሯት።

«ዓለምዬ፣ እኔ ስሞት እንዳታለቅሺ።»

«ምነው አባዬ?»

«ሰው ይሥቃል። እኔ ሃያ ዓመት አንገቴን ቀጥ አድርጌ በጎማዬ ስዞር ሰው የሚጠይቀው ‹ወዳቂዋ መቼ ነው የምትወጣው?› እያለ ነው። ሠርግሽ ላይ በእጄ እየሄድሁ ልሸኝሽ ተነሥቼ፣ አንቺ ‹እህ› አልሽና ማንም ሳያየኝ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ፣ የቀብሬ ቀን እንኳ፣ መድረኩ የኔ ይሁን።»

«በኪዳነ ምሕረት፣ አላለቅስም» ብላ ማለች።

የሞቱ ዕለት የእድሩ ዳኛ አቶ ላቀው ወደ ሱቄ መጣ። ኮት የሚያስለካ ይመስል ቆሞ ሲያመነታ ቆየና፣ «ልጅቱ ከቤት እንዳትወጣ ንገራት። ሰው ሳቁን አይችልም። እኔም አልችልም» አለኝ። የራሱ አፍ እምቢ ቢለው የእኔን መዋሱ ነው። ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ዐውቄዋለሁ ሸሀቡ። አላለቅስም፤ ግን እወጣለሁ» አለችኝ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ሜዳ ላይ ሆነ። ባገራችን የሟች ክብር የሚታየው በለቅሶው ላይ ነው። ባለ ፈረስ ከሆነ ፈረሱን ጭነው ያዞሩለታል፤ ባለ ጠመንጃ ከሆነ ጠመንጃው ይወጣለታል፤ አልቃሿም ያንን እያየች ግጥም ትሰጣለች። የጋሽ መልኬ ዘመዶች ሲመክሩ አድረው ባለ አንድ ጎማዋን አወጧት። አልቃሿ እሜቴ ደርቤ የታወቁ ናቸው፤ ለገበሬ፣ ለቄስ፣ ለነጋዴ፣ ለአዳኝ የሚሆን ግጥም ከአፋቸው አይጠፋም። ጎማዋን ሲያዩ ግን ቃል አጠራቸው። «ወይ መልኬ፣ ወይ መልኬ» ብለው አራት ጊዜ መለሱና አቆሙ።

ደምለው ሊነዳት ይገባው ነበር። ደምለው አሁን ሰፊ ሰው ነው፤ ልኩን እኔ ዐውቃለሁ። አንድ እግሩን መርገጫው ላይ ሲያደርግ ብረቷ ሲጥ አለች፤ እሱም እግሩን መለሰ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ትን አለው። አቶ ላቀው ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ሳቁ ደርሶ ደፍ ላይ ቆሟል፤ የጋሽ መልኬ ቀን ልትበላሽ ነው።

ይሄኔ ዓለምዬ ተነሣች። ጎማዋን ከወንድሟ ተቀበለች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ወጣች። ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ መውደቋን የሚጠራጠር አልነበረም። ባለ አንድ ጎማ ላይ ወጥታ ሦስት ክንድ ሄዳ አታውቅም። የወደቀች እንደሆነ የሚሆነውን ሁላችንም ዐወቅነው፤ እኔ በበኩሌ ዱዓ አደረግሁ።

አልወደቀችም። እንደ አባቷ ቀጥ ብላ፣ ፊቷ ላይ አንዳች ነገር ሳይነበብ፣ ፈረስ በሚዞርበት በኩል ዞረች። አንድ ዙር ጨረሰች። ሁለተኛውን ስትጀምር አንዲት አሮጊት ተንሰቀሰቁ። ዓለምዬ አላለቀሰችም። ስለ አህያ ያለቀሰች ልጅ፣ ስለ ወጥ ያለቀሰች ልጅ፣ አባቷ ሞተው ዓይኗ ደረቅ ነው። ያንን ማየት የቻለ የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ አቶ ላቀው ነጠላውን ካፉ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነበት፤ እሜቴ ደርቤም ቃሉ መጣላቸው፦

በሁለት እግሩ ሄዶ ስንቱ ሰው ወደቀ፣
መልኬ ባንድ ጎማ እሰማይ ዘለቀ።

ሜዳው ተናጋ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ደባርቅ ላይ አይቼ አላውቅም። ዓለምዬን ያያት እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ጎማዋን ነው። ጋሽ መልኬ መድረካቸውን አገኙ።

በሠልስቱ ቤታቸው ሄድሁ። እትዬ ወለተ ማርያም ከቀብሩ ጀምሮ ከውኃ በቀር ወደ አፋቸው ያስገቡት የለም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ዓለምዬ ምስር ወጥና እንጀራ ይዛ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ትለምናለች።

«አንድ ጉርሻ፣ እማዬ። ለኔ ስትይ።»

«ተይኝ ልጄ።»

«እማዬ፣ እባክሽን።»

«ተይኝ አልሁሽ።»

ዓለምዬ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ከንፈሯ ተጣመመ፤ አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አፏ እንደ ዳባቱ ቀን ተከፈተና እሪ አለች። ሦስት ቀን የቆየው ሁሉ መጣ። «አባዬ! አባዬ!» ትላለች፤ ዕንባው ምስሩ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ወደ መሬት አቀረቀርሁ።

እትዬ ወለተ ማርያም ዞር ብለው አዩዋት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «መልኬ ይቅር በለኝ፣ መልኬ ይቅር በለኝ» እያሉ ይሥቃሉ።

ዓለምዬ እናቷን አየች። ለቅሶዋን አላቆመችም፤ መቼም የሚቆም አልነበረም። እያለቀሰች ግን አንድ ዓይኗን ከፍታ ቀስ ብላ ወደ ወጡ አየች።

እናትየው በሳቅ ፍርስ አሉ። አፋቸው ሲከፈት ጉርሻዋን አጎረሰቻቸው፤ አላመጡ፣ ዋጡ፣ ደግመው አፋቸውን ከፈቱ። መሐላው ለቀብሩ ዕለት ብቻ ነውና ጋሽ መልኬም የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ዕንባዋ አሁንም ይወርዳል። እኔም ከልማዴ የተነሣ አንገትጌዋን አየሁ፤ ቱቦውን ፈለግሁ። ኮቷን ግን አባቷ ሳይሞቱ፣ ቱቦው ያፈሳል ብላ ለጥገና ሰጥታኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።