የውሻዋ እግር እስኪድን

ውሻችን ትንሽ ናት። ትንሽ ስል፣ ጫማዬ ውስጥ ገብታ ለመዞሪያ ቦታ ይተርፋታል። ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ገበያው ላይ የሚንጎራደዱት አባ ኮዳ የሚባሉ ግዙፍ ወፎች ቢያገኟት ለአፍ ማሟሻ እንኳ አትበቃም። ልጄ ነው በካርቶን አድርጎ ለእናቱ ያመጣት። ከዚያ እናቱ አረፈች፣ እሱ ደቡብ አፍሪካ ገባ፣ እኔና ውሻዋ ተፋጠን ቀረን። ቀልዶቼን ቁጭ ብላ የምትሰማኝ እሷ ናት። አትስቅም፤ ግን አቋርጣኝም አታውቅም።

ልጄ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውላል። ይደውላል ስላችሁ ለእኔ እንዳይመስላችሁ። «አባዬ ደህና ነህ?» ይላል፤ «ደህና» ብዬ ሳልጨርስ «እስቲ አሳየኝ» ይላል። ስልኩን ወደ ውሻዋ አዞራለሁ። ከእናቱ ጋር ግማሽ ቀን ሲያወራ ከኖረ ልጅ ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ «ደህና ነህ» ብቻ ናት። መሥሪያ ቤት ሰው ሆዱን ይዞ የሚንፈራፈርበትን ቀልድ ስነግረው «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይለኛል። ፊቱ ግን ስልኬ ላይ እንደ ፎቶ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

ስለዚህ ውሻዋ የፊት እግሮቿን መላስ ስትጀምር የደነገጥኩት ለእግሯ ብቻ አልነበረም።

ድመት እንደምትለቃለቀው ዓይነት መላስ አይደለም። ጠዋት ትጀምራለች፣ ለምሳ ታቋርጣለች፣ ከምሳ በኋላ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ተመልሳ ትገባለች፤ ልዩነቱ እሷ አርፍዳ አታውቅም። ሐይቁን ቢሰጧት በሳምንት ታደርቀው ነበር። በጣቶቿ መሀል ያለው ነጭ ጸጉር የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ሥሩ ያለው ቆዳ ደግሞ ቀልቶ አበጠ።

ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለዓለም ችግር ሁሉ መፍትሔው ሞተር ውስጥ እንዳለ ያምናል።

«የተቃጠለ ዘይት ቀባት፤ የውሻ ቆዳ በሱ ነው የሚድን» አለኝ።

«የምትልሰውን እግር ዘይት ቀብቼ፣ ሆዷ ሲበላሽ ጋራዥ ላስገባት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቁም ነገር ቢነግሩህም አይገባህ!» ብሎ ተቀየመኝ።

ታላቅ እህቴ ደግሞ ሌላ መፍትሔ ነበራት። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከሶዶ መጥታ ቤቱን የያዘችልኝ እሷ ናት። ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ጓደኞቿ ሳሎናችን ይሰበሰባሉ።

«ቤቱን በምራቋ ሞላችው እኮ! ቅዱሳን እዚህ ወለል ላይ ተንበርክከው ሊጸልዩ? ለሆነ ዘበኛ ስጣትና እንገላገል» አለችኝ።

«እትዬ፣ ዘበኛው ሌባ ሲመጣ እሷን ምን ያደርጋታል? ይወረውራታል?»

አልሳቀችም። በቤታችን መሳቅ ከቀረ ቆይቷል። ባልዲዋን አንስታ ወለሉን ከትናንቱ አብልጣ ማሸት ጀመረች።

እኔ ውሻዋን በጃኬቴ ጠቅልዬ በባጃጅ መሀል ከተማ ወዳለች አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። የውሻዋን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቃ አየች፤ እሾህ ፈለገች፣ ቁንጫ ፈለገች፣ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ከዚያ እግሯን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች።

«ጋሼ፣ ቤታችሁ ወለሉ በምንድነው የሚታጠበው?»

«በጌታ ቃልና በበረኪና።»

እሷም አልሳቀችም። «ይኸው በሽታው» አለች። «በረኪናው በጣቶቿ መሀል ይቀራል፣ ያቃጥላታል፤ እንዲበርድላት ትልሰዋለች። ሲላስ ይረጥባል፣ ሲረጥብ ፈንገስ ያበቅላል፣ ፈንገሱ ያሳክካታል፤ ስለዚህ ደግማ ትልሳለች።»

ቅባት ሰጠችኝ። ከውጭ ስትገባ ሁሉ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እንዳጥብና በጣቶቿ መሀል በደንብ እንዳደርቅ፣ ወለሉ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ እንዲታጠብ ነገረችኝ። እንዳትልስ አንገቷ ላይ ፊቷን ዙሪያውን የሚከልል የፕላስቲክ ቆብ አጠለቀችላት። ውሻዋ ዲሽ መሰለች። ሹፌሩ ጎረቤቴ ቂሙን ረስቶ «ኳስ ትይዛለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ በረኪናዋን በቀላሉ አልለቀቀችም።

«ለውሻ ብዬ የጌታን ልጆች በቆሻሻ ላይ ላስቀምጥ?»

የምላት ቀልድ አጣሁ። «እትዬ» አልኳት፣ «ይቺ ውሻ ከዚህ ቤት ከወጣች ልጁ አይደውልም።»

መወልወያውን እንደያዘች ቆመች። ልጁን ጡት ከጣለ ጀምሮ በጀርባዋ ያዘለችው እሷ ናት። «ለሱ ስል ነው፤ ለሷ እንዳይመስልህ» ብላ ጠርሙሱን ጓዳ አስገባች።

ልጄ ነገሩን ሲሰማ በየቀኑ መደወል ጀመረ። እነዚያ ጥሩ ቀናት ነበሩ፤ ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል። «ግራውን አሳየኝ። አጠገቧ ቁጭ በል። ቅባቱን አየህ፣ አታብዛው!» እያለ ያዝዘኝ ነበር። እኔ መሬት ላይ ተጋድሜ ስልኩን እግሯ ሥር እይዛለሁ። ያን ሰሞን ልጄ ከእኔ ያየው ነገር ቢኖር አውራ ጣቴን ነው። ቢሆንም ያወራኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ እናቱ አነሳ። ሌላ ቀን እዚያ የሚሠራበት ሱቅ ምን እንደሚመስል ነገረኝ፣ ብቻውን እንደሚበላም።

እግሯ ዳነ። የዛገው ጸጉር ተቆርጦ አዲስ ነጭ በቀለበት፣ ቆቡም ወለቀ። ልጄ «ጎበዝ አባዬ!» አለኝ። በሕይወቱ ጎበዝ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ጥሪው ወደ እሁድ ተመለሰ። ከዚያ አንድ እሁድ ዘለለ፣ ከዚያም ሌላ። በልጄ አልፈርድም፤ ጤነኛ እግር ምኑ ይታያል?

ባለፈው ቅዳሜ እኔው ደወልኩ።

«እንደገና ጀመራት» አልኩት።

«ምን? አሳየኝ! ቶሎ አዙረው!»

አዞርኩት። ውሻዋ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አራት እግሮቿን ወደ ጣሪያ ሰቅላ ተኝታለች። እግሮቿ እንደ አራስ ሕፃን መዳፍ ንጹሕ ናቸው።

ልጄ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ። «ደህና ናት እኮ» አለ።

«አዎ፣ ደህና ናት» አልኩት።

ገብቶት ይሁን ሳይገባው እንጃ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ከጀርባው ሰው ጠራው፤ «አባዬ ደንበኛ መጣ» ብሎ ዘጋው።

እህቴ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ልጁ ነው? ጠየቀኝ?»

«ጠይቆሻል። እትዬን ሳምልኝ ብሏል» አልኳት።

ስልኩን፣ ከዚያ እኔን አየች። «ጌታ ይባርከው» አለችና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።