ከመጽሐፉ የጎደለው ቅጠል

ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያንን አንድ ቅጠል ወረቀት ከመጽሐፉ በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ባለቤቴ እዚህ ጉለሌ የአፍሪካ ልቦለዶችን በአማርኛ የሚያሳትም ትንሽ ድርጅት ነበረው። ከማተሚያ ቤት የመጣውን ወረቀት የማጥፈውና የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ማንበብም የለመድኩት እያጠፍኩ ነው።

አንድ ቀን ከምሰፋቸው ልቦለዶች በአንዱ ውስጥ ሕዝቡ ንጉሡን ሲያባርር አነበብኩ። ባለቤቴን እንዳያስሩብኝ ፈርቼ ያንን ቅጠል ከሁሉም ቅጂ አወጣሁት። (ገዢያችን ጥቂት ስለነበር ሥራው አላደከመኝም።)

ባለቤቴ "ያጎደለው ማተሚያ ቤቱ ነው" ብሎ ቢምልም መጽሐፉን የተረጎመው ጓደኛው አላመነውም። እንደተኳረፉ ሁለቱም ሞቱ።

ዛሬ የተርጓሚው ልጅ ሰላማዊት ቤቴ መጣች። እሷም የአፍሪካ መጻሕፍት ማሳተም ጀምራለች፤ የአባቷን ትርጉም እንደገና ልታወጣው ነው።

"እማማ፣ የአባዬ የእጅ ጽሑፍ የለም፤ የጎደለውን ከየት ላምጣው? አባዬ እስኪሞት 'ያ ፈሪ አሳታሚ ነው የቆረጠብኝ' ይል ነበር" ብላ ሳቀች።

ሻይ ጨመርኩላት። ከሄደች በኋላ ሳጥኔን ከፈትኩ። ያስቀረሁት አንድ ቅጠል አሁንም እዚያው አለ።

እናንተስ ለሰው ብላችሁ ሰው ያጣላችሁበት ጊዜ አለ? ጻፉልኝ።

ሰላማዊት፣ ፈሪዋ እኔ ነበርኩ። ቅጠሉ ያንቺ ነው፤ ነገ ነይና ውሰጂው።