አባቴ የቀዳልኝ ምርቃት
የባጃጁ ሾፌር አዲሱን ስፒከር ሲከፍተው መጀመሪያ የወጣው «ሽ» የሚል ድምፅ እንጅባራ፣ ትምህርት ቤት መለሰኝ።

በእረፍት ሰዓት ከክፍል ጓደኛዬ ከሰናይት ጋር የማን ኤምፒስሪ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ እየተቀያየርን እናወዳድር ነበር። የእኔን ስትነካካው አባቴ ከሰል ባጠቆረው ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ለፈተናዬ የቀዳልኝ የአገውኛ ምርቃት «ሽ» ብሎ ጀመረ። እኔም ሙሉ በሙሉ አይገባኝም ነበር።

«ማነው ይሄ ባላገር?» ብላ ሳቀች።

«እንጃ፤ ሙዚቃ ቤት ሲጭኑልኝ የገባ ነው» አልኩና ዲሌት አደረግሁት።

ቅዳሜ ወደ ከተማችን አዲስ ቅዳም ሄጄ ቤት ስገባ አባቴ «ድምፄ ይሰማል ልጄ?» አለኝ።

«ጥርት ብሎ» አልኩት።

ደስ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያ አምጪው፣ የቀረውን ልጨምርልሽ።»

ሾፌሩ ዞር ብሎ «ጥራቱ እንዴት ነው እህቴ?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።