ብርቄና የእንቁጣጣሹ ዶሮ

ትከሻዬ እንቢ ካለኝ ሰነበተ። ነጠላ ለመልበስ ሰው መጥራት እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድኩ፤ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ግን ብረት ነው። "እማማ፣ የእርስዎ ችግር አጥንቱ አይደለም። ጡንቻውን የሚሸፍነው ስስ ነገር፣ ፋሺያው፣ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ደርቋል" ብላ ታስረዳኝ ጀመር። ዕድሜዬን በነርስነት የፈጀሁ መሆኔን ልንገራት አልኩና ተውኩት። ሐሳቤ ብርቄ ዘንድ ሄዶ ነበር።

ከብርቄ ጋር ያደግነው አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። እናቷ የሞተችባት ገና በሕፃንነቷ ነው፤ ያሳደጋት ሐዲድ ጠጋኝ የነበረው አባቷ ነው። ደግ ሰው ነበር፣ ግን ከሽሮ ያለፈ ወጥ አያውቅም። በግንቦት ተዳረችና የመጀመሪያውን እንቁጣጣሽ ዱከም አማቷ ቤት እንድታከብር፣ ዶሮውንም እሷ እንድትሠራ ተባለ። ምራት በአማቷ ፊት፣ አንድ አጥንት ሳትሰብር፣ አሥራ ሁለቱንም ብልት ማውጣት አለባት። ካበላሸች "እናት ያላሳደጋት" ትባላለች። ብርቄ ከዚህ ቃል የባሰ የምትፈራው ነገር አልነበራትም።

"አንቺ የሰው ገላ ትማሪ የለ? ዶሮ ያቅትሻል?" አለችኝ እያለቀሰች። ያን ጊዜ የነርስ ተማሪ ነበርኩ፤ ለክረምቱ ዕረፍት መጥቼ ነው። እንዳንለማመድ ደግሞ ፍልሰታ ነው። በጾም አርደን ማን ይብላው? ያዳኑን ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ናቸው። "ባለቤቴ ይረደው፣ እናንተ ገነጣጥሉት፣ እኛ እንበላዋለን። መንካት መቼ ተከለከለ!" ብለው ሳቁብን።

ማድቤታቸው ገባን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ብርቄ ቢላዋን አንስታ ትከተክት ጀመር።

"ኧረ በፈጠረሽ፣ እንጨት መሰለሽ እንዴ!"

ቆዳውን ገፍፌ በሥጋው መሃል ያለውን ነጭ ስስ ሽፋን አሳየኋት። እያንዳንዱ ጡንቻ ለብቻው በዚህ ተጠቅልሏል፤ ከጎረቤቱ ሳይፋተግ የሚንሸራተተው በሱ ነው። ያው ሽፋን ግን አንዱን ከሌላው ያያይዛል፣ እየወፈረ ሄዶም አጥንት ላይ ይጣበቃል። የእኛም ገላ ከውስጥ እግር እስከ ራስ ቅል እንዲሁ የተያያዘ ነው አልኳት። "በጣትሽ ቀስ ብለሽ ለይው። መንገዱን እሱ ይመራሻል።"

ሳበችው። እንዲያ ሳስቶ አልበጠስም አለ።

"ውይ ጉዴ! ይሄ ሁሉ እኔም ውስጥ አለ?" ብላ ክንዷን ቆንጥጣ አየች። እትዬ ፋጡማ የበሉት ዶሮ ስንት ቦታ እንደወጣ ግን ፈጣሪ ይወቀው።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሚዜዋ ነኝና፣ በጠዋቱ ባቡር አብሬያት ሄድኩ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። አማቷ እማማ በለጡ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩ ሴቶችም ከበዋል። ብርቄ ቢላዋን አነሳች። ከዚያ ቢላዋን አስቀመጠችና በጣቷ ነጩን ሽፋን ፈለገች። እሱን እየተከተለች ለየችው፤ ቢላዋን ያነሳችው መገጣጠሚያው ላይ ስትደርስ ብቻ ነው። አንድም አጥንት አልተሰበረም። እሰይ የኔ ልጅ!

"ማን አስተማረሽ?" አሏት እማማ በለጡ።

እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ የምጠራ መስሎኝ ነዋ።

ብርቄ ዶሮውን እያየች "እናቴ" አለች።

እናቷን እንደማታውቃት ያልሰማ በዚያ ቤት አልነበረም። አንዷ ሴትዮ አፏን ልትከፍት ስትል እማማ በለጡ በዓይናቸው ገሠጿት። የብርቄን እርጥብ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "ነፍሷን ይማረው። አሳምራ ነው ያሳደገችሽ" አሏት። ብርቄ ስታለቅስ እኔም አብሬ ተንሰቀሰቅሁ።

ስንት በሽተኛ አስታምሜአለሁ፤ እማማ በለጡ ያን ቀን ብርቄን እንዳዳኗት ያዳንኩት ሰው ግን ትዝ አይለኝም። እሳቸው ካረፉ ቆዩ፣ ባቡሩም ቀረ። ብርቄ ዛሬ ኮዬ ፈጬ ትኖራለች፣ የራሷ ምራቶች አሏት። አንዳቸውንም በዶሮ ፈትና አታውቅም። "አምጪው፣ እኔ አወጣዋለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ቁጭ በይና አጫውቺኝ" ትላቸዋለች። እጇን አይተው ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋት ዛሬም "እናቴ" ነው የምትለው። አጠገባቸው ከኖርኩ ዞር ብለው እኔን ያዩኛል። "እውነቷን ነው" እላቸዋለሁ።